ማማ ፓስታ ከግድግዳው ማዶ

ባለፈው ሰሞን፣ ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ሥር በተከራየነው ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ጉንፋን ያዛትና ከመንገድ ዳር የሸመጠጠችውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ባለችን አንድ ድስት ቀቅላ፣ ፎጣ ተከናንባ እንፋሎቱን ትታጠን ጀመር። እኔ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ሽታው ተቀበለኝ። ለሌላው ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው፤ አፍንጫ ይከፍታል፣ ቤት ያጠራል። የእኔ እጅ ግን የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ፣ ጆሮዬም ሳላዘው ከግድግዳው ማዶ የሚመጣ ሳል ይጠብቅ ጀመር። ልጅቷ ከፎጣው ሥር ሆና «ምነው ቆምሽ፣ ግቢ እንጂ!» ስትለኝ፣ ገባሁ። ከገባሁም በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርኩም።

ያኔ የምንኖረው ቡኮቶ ነበር። ከዋናው መንገድ ቁልቁል በሚወርደው የቀይ አፈር መንገድ ላይ አንድ ግቢና አንድ ጣሪያ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ መካከላቸው ያለችው ግድግዳ ከመሳሳቷ የተነሣ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሌላው ቤት «ይማርህ» ይላል። በዚህ በኩል እኛ ነን፤ ከወሎ መጥቶ ካምዎክያ ገበያ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና ምስር የሚሸጠው አባቴ ሙሄ፣ እናቴ ዘሃራና እኔ ሐያት። በዚያ በኩል ደግሞ ፓስተር ማርቆስና ባለቤታቸው እትዬ ታደለች ነበሩ፤ ልጆቻቸው አድገው ኢትዮጵያ ቀርተዋል። ፓስተር ካምዎክያ ዳገት ላይ ባለችው ቆርቆሮ ጣሪያ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለሐበሻው ጉባኤ ይሰብኩ ነበር። ጠዋት ኡጋንዳውያኑ ስለሚገለገሉባት የሐበሻው ተራ የሚደርሰው ከሰዓት፣ ጣሪያው በፀሐይ ከጋለ በኋላ ነው። በተራ ቀን ድምፃቸው የማይሰማ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስብከታቸውን ሲለማመዱ ግን የእኛ ብርጭቆዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ይንቀጫቀጩ ነበር፤ አባቴም ከሶላቱ ሲነሣ ጆሮውን ቀና አድርጎ «የነገው ረዘም ያለ ነው፤ እዚያ ቆርቆሮ ሥር የሚቀመጡትን አላህ ያበርታቸው» ይላል።

የሰፈሩ ሰው እትዬ ታደለችን የሚጠራቸው «ማማ ፓስታ» ብሎ ነው። በኡጋንዳውያኑ አነጋገር «ፓስተር» የሚለው ቃል ጫፉ ስለሚዋጥ ነው እንጂ ስድብ አልነበረም፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ድስት ሙሉ ማካሮኒ ይታየኝና በሳቅ እሞት ነበር። እሳቸው ይሰሙኛል። «ምን ያስቅሻል? ሆድ የሚሞላ ስም ነው» ይሉና ራሳቸውም ይስቃሉ።

ትልቅ ሴት ነበሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የቀኝ ጉልበታቸው ያማቸው ስለነበር እንደ መርከብ ወዲያና ወዲህ እያሉ የሚራመዱ። የፓስተርን አሮጌ ሸራ ጫማ ይጫማሉ፤ ትከሻቸው ላይ የማይወርድ የኬሻ ቦርሳ አለ። ውስጡ የማይኖር ነገር የለም፤ የሕፃን ልብስ፣ ሙዝ፣ ሳሙና፣ የራስ ምታት ክኒን፣ አንዳንዴም በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ። አዲስ ከገባ ስደተኛ ጋር የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሲሰለፉ ይውላሉ፤ ከዚያ ወጥተው አራስ ያጥባሉ፤ ከዚያ ለቤት ሠራተኛ ልጆች እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ እሑድ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ሄደው የቤተ ክርስቲያኑን ወንበር በጨርቅ ይወለውላሉ። የጅማውን ነጋዴ፣ የወሎዋን ባልቴት፣ የኤምባሲ ሠራተኛዋን፣ ማቶኬ የሚባለውን የሚቀቀል ሙዝ የምትሸጠውን ኡጋንዳዊት፣ ሁሉንም በስሙ፣ በበሽታውና በጭንቀቱ ያውቁታል። ሃይማኖቱን ሲጠይቁ ግን ሰምቼ አላውቅም። እናቴ «እኚህ ሴትዮ ራሳቸው የሚበሉት መቼ ነው?» ትላለች።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ በኮሮና ምክንያት ሎክዳውኑ ሲመጣ አሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ታክሲው ቆመ፣ የግል መኪና ቆመ፣ ቦዳ የምንለው ሞተር ብስክሌት ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ፤ ገበያ ውስጥ የሚሸጥ ሰውም እዚያው እንዲያድር ታዘዘና አባቴ ፍራሹን ጠቅልሎ በርበሬው መሃል ለማደር ሄደ። ያን ጊዜ ደስታዬ ጠፋ። እናቴ ከባድ እርጉዝ ነበረች። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ሬዲዮኑን ከፍተን እንሰማለን፣ እንዘጋዋለን፣ እንደገና እንከፍታለን። ምጧ የመንገዱ መዘጋት ሳያልፍ ቢመጣስ የሚለው ጥያቄ በሁለታችን መካከል እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ይውላል፤ እሷ እኔን ላለማስፈራራት፣ እኔ እሷን ላለማስፈራራት አናነሣውም። እኔ የምሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ፊቷን ማየት። ስትቀመጥ ዓይኔ ከፊቷ አይነሣም፤ ትንሽ ከተኮሳተረች ብድግ እላለሁ።

እትዬ ታደለች ግን ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ቆርቆር አድርገው «ዘሃርዬ፣ አለሽ?» ይላሉ፤ እናቴ «አለሁ፣ እትዬ» ስትል ለጥቂት ሰዓት መተንፈስ ይቻላል።

ምጡ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። እናቴ ሰሃን ስታጥብ ጎንበስ አለችና አልቀና አለች። ግድግዳውን በቡጢ ደበደብኩት። እትዬ ታደለች እጃቸው ላይ ያለውን ሊጥ እንኳ ሳይታጠቡ ገቡና አንዴ አይተዋት «ጫማዋን አምጪ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። አባቴ ስልኩን አላነሣም። አምቡላንስ ብለው የደወሉበትም አልተነሣም። በመጨረሻ ለሰፈሩ ዕቃ የሚያመላልሰውን ካቶ የሚባል ባለቦዳ ከቤቱ ጎትተው አወጡት፤ እናቴን ወደ ጎን አስቀመጧት፣ ካቶ ሞተሩን በእግር እርምጃ ይነዳል፣ እሳቸው በጎኗ እያነከሱ ወገቧን ደግፈው ይሄዳሉ፣ እኔ የልብስ ጥቅል ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ። ኪራ መንገድን እንደዚያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅና የእናቴ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ነው፤ እሳቸው ደግሞ በያንዳንዱ እርምጃ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ይላሉ። ሁለቱ ጸሎቶች እየተቀባበሉ ነበር የሚሄዱት።

መንገድ የዘጉት ወታደሮች ከሩቅ ሲያዩን ብድግ አሉ። አንደኛው፣ ወጣት ነው፣ ዱላውን አግድም አድርጎ መንገዱ መሃል ቆመ። ካቶ ሞተሩን አጠፋ።

«ቦዳ ሰው አይጭንም። የፈቃድ ወረቀት አላችሁ?»

«ሴቦ፣» አሉ እትዬ ታደለች፤ በሉጋንዳ ጌታዬ እንደ ማለት ነው፤ «ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ ተዘግቷል። ምጥ ግን አይዘጋም።»

«ያለ ወረቀት አይታለፍም ብያለሁ። ተመለሱ።»

እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች። እትዬ ታደለች ወደ እኔ ዞር ብለው «ሐያት፣ እናትሽን ያዢ» አሉኝና ለቀቋት፤ ከዚያም የአገሩ ሴቶች ትልቅ ሰው ፊት እንደሚያደርጉት፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ የጋለው አስፋልት ላይ ተንበረከኩ። ከጌታ በስተቀር ለማንም አልንበረከክም ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ወታደሩ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል። እሳቸው አልለመኑትም፤ አላለቀሱም፤ ዝም ብለው ተንበርክከው ቀና ብለው አዩት። ልጁ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ጓደኞቹን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ተነሺ፣ ማማ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እባክሽ ተነሺ።» ብቻቸውን መነሣት ስላቃታቸው እሱ ራሱ ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸውና መሰናክሉን ገፋ አደረገልን። ከዚያች ሰዓት በፊት ትልቅ ሰው የሚፈራ አይመስለኝም ነበር። እሳቸው ግን እናቴን እንደገና ሲደግፉ «ጌታ ሆይ» የሚሉት ከቅድሙ እጥፍ አፍጥነው ነበር።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ነርሷ እናቴን በሂጃቧ፣ እትዬ ታደለችን የመስቀል ሥዕል ባለበት የቤተ ክርስቲያን ቲሸርታቸው አየችና «እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለቻቸው።

«እኅቷ።»

«የአንድ አባት ልጆች?»

እትዬ ታደለች ለአፍታ አሰቡና «አዎ፣ የአንድ አባት» አሉ፤ እናቴ እዚያው ምጥ ላይ ሆና በሳቅ ፈነዳች፤ ነርሷ ምን እንዳሳቃት ሳይገባት በተሽከርካሪ አልጋ ይዛት ገባች። ፀሐይ ሳትጠልቅ እኅቴ ተወለደች። ቤት ስንመለስ አባቴ ከገበያ በእግሩ መጥቶ ሲያያት «በክርስቲያን ስም አልጠራትም፣ ያለ ስማቸውም አልጠራትም» አለና ሲያስብ ቆይቶ ሰዒዳ አላት፤ በዐረብኛ የታደለች ማለት ነው። እትዬ ታደለች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዙረው ኩሽና ገቡ፤ ቶሎም አልወጡም።

ያለፈ መስሎን ነበር። በቀጣዩ ዓመት አጋማሽ ላይ ሁለተኛው ሞገድ መጣ፤ ይሄኛው የሬዲዮ ወሬ አልነበረም፤ የምናውቃቸውን ሰዎች ስም ይዞ ነው የመጣው። ፓስተር ማርቆስ ታመሙ። ሆስፒታሎቹ ሞልተዋል፣ አልጋ የለም፣ ኦክስጅን የለም ይባላል፤ ስለዚህ እትዬ ታደለች በራቸውን ዘግተው እዚያው ያስታምሟቸው ጀመር። ጧትና ማታ የባሕር ዛፍ ይቀቅላሉ፤ እንፋሎቱ በመስኮት ወጥቶ ግቢውን፣ ያሰጣነውን ልብስ፣ የምንበላውን ሁሉ ይሞላዋል። ሳላቸው በግድግዳው ያልፋል። ያ ብርጭቆ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ አሁን ከሳል በቀር የሚያወጣው የለም፤ ሳሉ ሲቀጥል እንፈራለን፣ ሲያቆም የባሰ እንፈራለን። እናቴ ማንኪያዋን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ትቀራለች፤ እንደገና ሲሰማ ትጎርሳለች።

አባቴ ለሰዒዳ ብሎ እግራችን ያን ደጃፍ እንዳይረግጥ ከለከለን። ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ እጁን እስኪላጥ በሳሙና እያጠበ፣ ምግቡን ራሱ ወስዶ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ እየሸሸ ነበር። አንድ ቀን በሚያውቃቸው የጅማ ነጋዴዎች በኩል አባታቸው የዳኑላቸውን ሰዎች አፈላልጎ፣ የተረፋቸውን የኦክስጅን ሲሊንደር በሽሮ ጆንያዎች መሃል አጋድሞ አመጣ። እትዬ ታደለች በመስኮት ሲያዩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ እሱም እንዲሁ አደረገ። ጉባኤው በስልክ በዙም ተሰብስቦ ሲጸልይ በግድግዳው እንሰማለን፤ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሚን» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ፓስተር ዳኑ። ክስት ብለው፣ ድምፃቸው ቅጠል እንደሚያሻሽ ነፋስ ሆኖ፣ ግን ዳኑ። ሐኪሙ ሁለቱም ከበሽታው ነጻ ናቸው ባለ ማግሥት እትዬ ታደለች የኬሻ ቦርሳቸውን አነሡ። ያመመው ሰው ብዙ ነበርና አጥሚት ሠርተው፣ አንዱን ማሰሮ እኔ፣ አንዱን እሳቸው ይዘን ካምዎክያ ወረድን። ያመም ሲያደርጋት የነበረች፣ ልጆቿን ሁለቱንም እሳቸው ያጠቡላት የጉባኤያቸው ሴት ቤት ደረስን። በሩን አንኳኩ። ውስጥ የእግር ኮቴ መጣና ቆመ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ታደለች።»

ከበሩ ማዶ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እትዬ… እዚያው ያስቀምጡት። ልጆች አሉ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አይ፣ ልክ ነሽ» አሉ እትዬ ታደለች፤ «ልክ ነሽ፣ የኔ ልጅ።» ማሰሮውን አስቀመጡና ክዳኑን አስተካከሉ። ሁለተኛው ቤት ኮቴውም አልመጣም፤ መጋረጃው ግን ሲነቃነቅ አየሁ። ቧንቧው ጋ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች «ማማ ፓስታ» ብለው ሰላም አሉን፤ እያሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዳገቱን ይዘን ወጣን። እሳቸው መሃል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «አየሽ፣ ሰው አይደለም የፈራው፤ ፍርሃት ነው የፈራው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ቦርሳው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። እሳቸው ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው መቀመጥ ጀመሩ። ሲቀመጡ አይቻቸው ስለማላውቅ ያስፈራኝ ነበር፤ ከሳሉ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ነው።

እናቴና አባቴ ሲጨቃጨቁ በዚያ ሰሞን ሰማሁ። እሱ «ትንሽ ይቆይ» ይላል፤ እሷ «ትንሽ የሚሉት ስንት ነው?» ትላለች። አንድ እሑድ ከሰዓት የጉባኤው ሰዎች ፓስተርን ከሩቅ ሊጠይቁ መጥተው፣ ሙዝና ብርቱካናቸውን ከበሩ ሥር አስቀምጠው፣ ከግቢው አጥር ውጭ ተደርድረው ቆሙ። በሩን ያልከፈተችውም ሴት መካከላቸው ነበረች። ማንም ገባ አላለም። ያን ጊዜ እናቴ ሰዒዳን አቅፋ ከቤት ወጣች፣ አባቴ «ዘሃራ» አለ፣ አልዞረችም፤ ሰው ሁሉ እያያት ግቢውን አቋርጣ ሄዳ ልጅቷን እትዬ ታደለች ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

እትዬ ታደለች እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ወደ ላይ አነሡ። «አብደሻል? ውሰጃት! ዘሃርዬ፣ ውሰጃት ነው የምልሽ!»

«በስምዎ የጠራናትን ልጅ ከእርስዎ ልደብቃት?» አለች እናቴ።

ሰዒዳ ምንም አልገባትም፤ የቲሸርታቸውን አንገት ይዛ ልትቆም ትታገላለች። የተነሡት ሁለት እጆች ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱና ልጅቷን ከበቧት፤ እትዬ ታደለች ፊታቸውን ፀጉሯ ውስጥ ቀበሩ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። አጥሩ ጋ ከቆሙት መጀመሪያ የገባችው ያቺ ሴት ነበረች።

ትምህርት ቤት የተከፈተው በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ነው፤ ዩኒፎርሜ አጥሮኝ፣ ሁለት ዓመት ያላየኋቸው ጓደኞቼ ቁመት ጨምረው ጠበቁኝ። የፓስተር ድምፅ ግን አልተመለሰም። ሁለት ሦስት እሑድ ሞከሩ፤ ከፊት ወንበር ያለፈ ሰው አይሰማቸውም ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሌላ አገልጋይ ጠራች፣ እነሱም አርባ ምንጭ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ተነሡ። በሄዱበት ጠዋት ግቢያችን በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ኡጋንዳዊው፣ በር የከፈተውም ያልከፈተውም፤ እትዬ ታደለች ሁሉንም አንድ ዓይነት ነው ያቀፉት። ፓስተር የአባቴን እጅ ይዘው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ አባቴ አልሰማቸውም፣ ግን «እሺ፣ እሺ» አለ፣ መኪናው ከሄደ በኋላም እዚያው ቆሞ ቀረ። እነሱ በነበሩበት ቤት ጨዋ ሰዎች ገብተዋል። ግድግዳውን ሌላ ቀለም ቀብተውታል።

ዛሬ የካምፓላ ሐበሻ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ሰው ሲታመም ስሙ ይጻፋል፣ ከሥሩ የተጣመሩ እጆች ምስል ይደረደራል፤ እኔም እደረድራለሁ፣ ደርድሬም ወደ ጥናቴ እመለሳለሁ።

በየኢዱ ግን እትዬ ታደለች ከአርባ ምንጭ ይደውላሉ፤ አንድም ኢድ ረስተው አያውቁም። ዘንድሮ ቡኮቶ ቤታችን ነበርኩ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሸምገል ብሏል፤ እናቴ ጤናቸውን ስትጠይቃቸው «እኔን ተዪኝና» አሉ፤ ጥያቄያቸውንም ጀመሩ። ዓይኗ የደከመው ልብስ ሰፊዋ እንዴት ናት? ልጁ የጠፋበት የጅማው ሰውዬ ልጁን አገኘ? ሬስቶራንት ሰሃን የምታጥበው ልጅ፣ ያቺ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች? እናቴ ለእያንዳንዱ «ደህና ናቸው፣ እትዬ፤ ሁሉም ደህና ነው» ትላቸዋለች። «ተመስገን» ይላሉ እሳቸው፣ «ተመስገን፣ አሳስበውኝ ነበር።»

እናቴ ስልኩን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ሐያት፣» አለችኝ በኋላ፣ ፊቷን ሳትመልስ፤ «ያቺ ልብስ ሰፊ የት ነበር የምትኖረው?»

አላውቅም ነበር። እሷም አታውቅም።